ያላልነው እሺ



እዚህ ማይክራፎን ፊት ተቀምጬ ስናገር ማን እየሰማኝ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሬዲዮኑን ወጥ ቤት ከፍታችሁ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ነው። ምናልባትም ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ከፍቶት ሳትፈልጉ እየሰማችሁኝ ነው። በመሃል የሳሙና ማስታወቂያ ቢገባ እንኳ፣ ሳሙና አምራቹ ማን ጆሮ እንደሰጠው፣ ማን ደግሞ ሰልችቶት ጣቢያ እንደቀየረ አያይም።

የዛሬው ዝግጅታችን የዚህ ተቃራኒ ስለሆነው ማስታወቂያ ነው። የሚያየውን ሰው ስለሚያውቀው፣ የት እንደዋለና የት እንዳደረ፣ ትናንት የምን ዋጋ ሲያይ እንዳመሸ መዝግቦ ስለሚይዘው ማስታወቂያ። ብዙ አገሮች ባወጡት ሕግ፣ ይህን የሚያደርግ ድርጅት በቅድሚያ ከእኛ አንዲት ቃል መቀበል አለበት። ቃሏ «እሺ» ናት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እንላለን። ግን ማን ያለው እሺ? መቼ የተባለ እሺ? ፍርድ ቤቶች ዓመታት የተጨቃጨቁት በዚህ ነው።

ባለፈው ሰሞን ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። እናቴ ክብሪትና ሻማ ከመፈለጓ በፊት ስልኳን አነሳች። የእህቴ ልጅ የስልኩ መብራት ደከም ያለ መስሎት አንድ የባትሪ አፕ ጭኖላት ኖሯል። ስትከፍተው በመብራቱ ፈንታ በእንግሊዝኛ ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ ነገር መጣ፤ ከሥሩም አንድ ሰማያዊ ቁልፍ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ትስማሚያለሽ ወይ ይላል።»

«በምን?»

ጽሑፉን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ እገፋዋለሁ፣ እገፋዋለሁ፣ አያልቅም።

«ኧረ እሺ በለው! ጨለማ ውስጥ ቆመን ውል እንፈራረም እንዴ?»

ተጫንኩት። በራ።

እንግዲህ እዩት። ስልኩ የእሷ ነው፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉን ሁለታችንም አላነበብነውም፣ ቋንቋውን ደግሞ እሷ አታውቀውም። የተስማማነውም መብራት ስለጠፋ ነው። አንድ የሕግ ሰው ቢመረምረው ከዚህ ስምምነት የሚጸና ነገር ለማግኘት ይቸገራል።

የባትሪ አፕ ያነሳሁት ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከሚጠቀሱት ክሶች አንዱ የመጣው ከባትሪ አፕ ነው። በነገራችን ላይ፣ የምጠራቸው ዓመታት «በእኛ» ካላልኩ በስተቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ብራይተስት ፍላሽላይት» የሚባል የአንድሮይድ አፕ ነበር። አይዳሆ ግዛት ያለ ጎልደንሾርስ ቴክኖሎጂስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሠርቶት በነፃ ይጫን ነበር። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ጭነውታል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የስልኩን መብራት ማብራት። በዲሴምበር 2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይፋ ባደረገው ክስ መሠረት ግን፣ አፑ ስልኩ ያለበትን ትክክለኛ ቦታና የስልኩን መለያ ቁጥር ለሌሎች ድርጅቶች ይልክ ነበር። ከተቀባዮቹ መካከል የማስታወቂያ ድርጅቶች ነበሩ። ይህን ደግሞ በግላዊነት መግለጫው ላይ አልጻፈውም።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ውል ያቀርባል፤ ከታች ሁለት ቁልፎች አሉ፣ አንዱ «ተቀበል» ሌላው «እምቢ በል» የሚሉ። አሠራሩ ጨዋ ይመስላል። ነገር ግን ሰውየው ገና ጽሑፉን እያየ፣ ጣቱን የትኛውም ቁልፍ ላይ ሳያሳርፍ፣ አፑ ቦታውንና መለያውን መላክ ጀምሮ ነበር። እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! ልግባ?» እያለ፣ ጓደኛው በጓሮ በር ገብቶ ጓዳ ሲያገላብጥ እንደማለት ነው። «እምቢ» የሚለው ቁልፍ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ጌጥ ነበር።

አሜሪካ ያኔም ሆነ አሁን የግል መረጃን በጠቅላላው የሚገዛ አንድ የፌዴራል ሕግ የላትም። ስለዚህ ኮሚሽኑ የተጠቀመው ሸማችን ማታለልን የሚከለክለውን የቆየ ሕግ ነው። ነገሩ በስምምነት አለቀ። ኩባንያው ከእንግዲህ የሰውን ቦታ ከመውሰዱ በፊት በዚያው ሰዓት፣ በግልጽ፣ ለምን እንደሚወስድ ተናግሮ እንዲያስፈቅድ፣ የሰበሰበውንም እንዲያጠፋ ታዘዘ። የገንዘብ ቅጣት አልነበረበትም። ቀድሞ የተላከው መረጃስ? እሱማ ከሄደ ቆይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን አንዳችሁ «መብራት የሚያበራ ነገር የእኔን ቦታ ምን ሊያደርግለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለመብራቱ ምንም አያደርግለትም። ገበያው ነው ቦታውን የሚፈልገው። መንደራችን ውስጥ የለስላሳ ወይም የዱቄት ኩባንያ መጥቶ የባለሱቁን ግድግዳ በራሱ ቀለም በነፃ ይቀባለታል አይደል? ባለሱቁ ግድግዳው ያምርለታል፣ ኩባንያው ስሙን ይጽፍበታል። በነፃ የሚሰጡ አፖችም እንደዚያው ናቸው። አፑን የሠራው ልጅ የማስታወቂያ ድርጅት ያዘጋጀውን የሶፍትዌር ጥቅል፣ ባለሙያዎቹ ኤስዲኬ የሚሉትን፣ ወስዶ አፑ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው በራሱ ይመጣል፣ ሳንቲሙም ይመጣል። ልዩነቱ ይህ ቀለም ዓይን አለው። ሱቁ ደጃፍ የቆመውን ሁሉ ያያል። ብዙ ጊዜ አፑን የሠራው ሰው ራሱ ጥቅሉ ምን እንደሚልክ በቅጡ አያውቅም።

ስልካችሁ ላይ ደግሞ የማስታወቂያ መለያ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ። ስማችሁ አይደለም፣ ስልክ ቁጥራችሁም አይደለም። የዜና አፑም፣ የጨዋታው አፕም፣ የሸቀጡም የሚያዩት ግን ያንኑ ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ ማታ ካርታ የተጫወተው ሰውና ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒት የፈለገው ሰው አንድ መሆኑ ይታወቃል። «ስም አንይዝም» የሚለው የኩባንያዎች መልስ እኔን አጥግቦኝ አያውቅም። ሌሊት ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ቀን ቀን የት እንደሚውል የታወቀ ሰው ስሙ ቢቀር ምን ይጎድላል?

ማስታወቂያውም የሚሸጠው በጨረታ ነው። አንድ ገጽ ስትከፍቱ፣ ጽሑፉ እስኪመጣ ባለችው ቅጽበት፣ ባዶው ቦታ ለብዙ ድርጅቶች ይቀርባል። ስልኩ እንዲህ ያለ ነው፣ ያለው እዚህ አካባቢ ነው፣ መለያው ይህ ነው፣ ስንት ትሰጣላችሁ? ጨረታውን የሚያሸንፈው አንድ ነው፤ ሰነዱን ያየው ግን ሁሉም ነው። ሕግ አዋቂዎችን የሚያሳስባቸው ይህ ሁለተኛው ነው።

እስቲ «እምቢ» ያለውን ሰው ደግሞ እንየው፤ የእሱ ዕጣ ከባትሪው ይብሳል።

ኢንሞቢ የሚባል የማስታወቂያ ድርጅት አለ፤ ጥቅሉ በሺዎች በሚቆጠሩ አፖች ውስጥ ያለ። በ2016 ያው የአሜሪካ ኮሚሽን ከሰሰው። ክሱ እንዲህ ነው፦ ስልኮች አፖች ቦታችንን እንዳያዩ የምንከለክልበት ማስተካከያ አላቸው። ድርጅቱ ቦታቸውን ከፈቀዱለት ሰዎች ስልክ፣ የዚያን አካባቢ የዋይፋይ መሣሪያዎች መለያ እየለቀመ ካርታ ሠራ። ይህ ራውተር ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ያኛው ደግሞ እዚያ ጋ። ከዚያ ቦታውን የከለከለ ሰው ስልክ ሲመጣ፣ ቦታውን አይጠይቀውም። በዙሪያህ ምን ምን ዋይፋይ አለ? ይለዋል። ካርታው ላይ ፈልጎ ያገኘዋል።

ጎረቤት እሺ ስላለ የእኔ እምቢታ ዋጋ አጣ ማለት ነው። ከክሱ ሁሉ ይህኛው ያሳስበኛል፤ ፈቃድን የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አድርጎ ብቻ ማሰብ እንደማያዋጣ ያሳያልና። ድርጅቱ በልጆች አፖች በኩልም መረጃ ሰብስቧል ተብሎ ስለነበር፣ የልጆችን ግላዊነት በሚጠብቀው ሕግ 4 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት። አቅሙ ታይቶ የከፈለው 950 ሺህ ነው። ለ20 ዓመትም በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ መርማሪ እንዲፈተሽ ተስማማ።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። እዚያ ሕጉ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። አሜሪካ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ፣ ባመዛኙ «ውሰዱ፤ ሰውየው መረጃዬን አትሽጡ ካለ ግን አቁሙ» ትላለች። አውሮፓ «አስቀድማችሁ አስፈቅዱ» ትላለች። በሜይ 2018 ሥራ ላይ የዋለው ጂዲፒአር የሚባለው ደንብ ፈቃድን ሲተረጉም፣ በነፃነት የተሰጠ፣ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ የሆነ፣ ሰውየው አውቆት ያደረገውና የማያሻማ ይሁን ይላል።

«በነፃነት የተሰጠ» የሚለውን እኛ አበሾች ቶሎ የምንረዳው ይመስለኛል። ማዕድ ላይ «በሞቴ አንድ ጉርሻ» የተባለ ሰው ጠግቦ ሳለ አፉን ቢከፍት፣ ወዶ ነው? «እሺ፣ ነገ እንመለስበታለን» ደግሞ ስንት ጊዜ በትሕትና የተባለ እምቢታ ነው። ሉክሰምበርግ ያሉት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዳኞች «በሞቴ»ን ባያውቁም፣ ችግሩን ግን ያውቁታል።

ያወቁት በአንድ የሎተሪ ገጽ ነው። ፕላኔት 49 የሚባል የጀርመን ድርጅት በሴፕቴምበር 2013 በኢንተርኔት ዕጣ አዘጋጀ። ለመሳተፍ የፖስታ ቁጥር ታስገባላችሁ፤ ከዚያ ስምና አድራሻ የምትሞሉበት ገጽ ይመጣል። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ። የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ራይት ካደረጋችሁበት የድርጅቱ አጋሮች በስልክ፣ በፖስታ፣ በኢሜይል እንዲያገኟችሁ ፈቀዳችሁ። አጋሮቹን ለማየት ሊንኩን የተጫነ ሰው የ57 ኩባንያዎች ዝርዝር ይመጣለታል። የማይፈልገውን እያንዳንዱን ለየብቻ መሰረዝ አለበት፤ ካልሰረዘ ድርጅቱ ይመርጥለታል። ሃምሳ ሰባት ጊዜ! ለሎተሪ!

ሁለተኛው ሳጥን ላይ ግን ራይቱ ቀድሞ ተደርጎበታል። ትርጉሙም ኩኪዎች ኮምፒውተሬ ላይ ይቀመጡ፣ የማያቸውን ገጾች እየተከታተሉ የሚስማማኝን ማስታወቂያ ያምጡልኝ ነው። ኩኪ ማለት ብራውዘራችሁ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ በ1994 ኔትስኬፕ ውስጥ ስትፈጠር ዓላማዋ ገጹ የመጣውን ሰው እንዲያስታውሰው፣ ዘንቢሉ ውስጥ ያስገባው ዕቃም እንዳይጠፋበት ነበር። አሁን የምትሠራውን አያችሁ።

የጀርመን የሸማቾች ማኅበራት ፌዴሬሽን ከሰሰ። ነገሩ እየተመላለሰ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰና ኦክቶበር 1 ቀን 2019 ተፈረደ። ዳኞቹ ያሉት በእኔ ቋንቋ ሲነገር ይህን ይመስላል፦ ሰውየው ራይቱን አላጠፋም። ግን ስለተስማማ ነው ያላጠፋው? ስላላነበበው ነው? ሳጥኑን ጭራሽ ስላላየው ነው? ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ዝም ማለቱ ፈቃድ ሊሆን አይችልም፤ ፈቃድ ሰውየው ራሱ ያደረገው ነገር መሆን አለበት። ሌላም ጨመሩ፤ ኩኪው ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ሌሎች ድርጅቶች ያዩት እንደሆነ ለሰውየው ሊነገረው ይገባል አሉ። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና።

ቀድሞ የተደረገ ራይት ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው ነው። በእኛ ስም አቤት ብሎ ይመልሳል፣ እኛ ግን አልተናገርንም።

ራይቱ ሲቀር ኩባንያዎቹ ዝም ብለው የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ። አዲሱ ዘዴ መልክ ነበር። «ሁሉንም ተቀበል» ትልቅና ደማቅ ቁልፍ ሆኖ ፊት ለፊት ይቀመጣል። እምቢ የሚል ሰው «ማስተካከያ» ይጫናል፣ ሌላ ገጽ ይመጣል፣ አንድ በአንድ ያጠፋል፣ ወርዶ ደግሞ ያጸድቃል። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ በ2021 መጨረሻ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ አጭር ነው፦ ለእሺ አንድ ጊዜ መጫን በቂ ከሆነ ለእምቢም እንደዚያው መቅለል አለበት። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ የምትሰሙን አድማጮች፣ ይህ ጥበቃ የእናንተም ነው። ሕጉ ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ኅብረቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይገባበታል።

ጥያቄው በቅንነት ሲቀርብ ምን ይሆናል ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ማስረጃ አለ። አፕል በኤፕሪል 2021 አይፎን ላይ አፖች ሌላ ቦታ ሳይቀር ተከትለዋችሁ ከመሄዳቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ አስገደደ። ሁለት ምርጫ፣ እኩል መጠን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ የፌስቡክ ባለቤት የሜታ የፋይናንስ ኃላፊ ለባለሀብቶች ሲናገር፣ ለውጡ በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ እንደሚያሳጣን እንገምታለን አለ። አፕልም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ የራሱ የማስታወቂያ ንግድ አለው፣ ፈረንሳይም በዚሁ አሠራሩ በ2025 150 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታዋለች። ቢሆንም አሥሩን ቢሊዮን አስቡት። ያን ያህል ገንዘብ የቆመው ማንም ሳይጠየቅ በተባለ እሺ ላይ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሰውን ማስፈቀድ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በእኛ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፎቶ ቤቶች የሙሽራ ፎቶ መስኮት ላይ በሚሰቅሉበት ዘመን የተጻፈ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ሳይቀር ይጠብቃል። በመጋቢት 2016 በእኛ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። አዋጁ ፈቃድን ከአውሮፓው በሚመሳሰል ቃል ይተረጉመዋል፤ የተሰጠ ፈቃድም ሊነሳ ይችላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ መልካም ነው እላለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የእናቴ ስልክ ነው። «አውቆት የሰጠው ፈቃድ» የሚለው ቃል፣ ጽሑፉ ሰውየው በማያነበው ቋንቋ ከተጻፈ ምን ትርጉም አለው? አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገር ሕዝብ በእንግሊዝኛ እሺ እያለ ነው የሚውለው። ተቆጣጣሪው አንድ ቀን የመጀመሪያውን መዝገብ ሲከፍት ከቋንቋው ቢጀምር ደስ ይለኛል። አገር ውስጥ የሚሠሩት አፖቻችንም ቢሆኑ ብዙዎቹ የውል ጽሑፋቸው ከውጭ ተገልብጦ የመጣ ይመስላል፤ አንዳንዱን ሳነበው ውስጡ የሌላ አገር ፍርድ ቤት ስም ሳይቀር አገኛለሁ።

መብራቱ በማግስቱ ሲመጣ ከእናቴ ጋር ስልኩን ይዘን ተቀመጥን። የባትሪውን አፕ አጠፋነው፤ የስልኩ የራሱ መብራት ይበቃል፣ እሱ ደግሞ አያስፈርምም። ከዚያ ሴቲንግ ገባን፣ ጉግል የሚለውን፣ ከዚያም ማስታወቂያ የሚለውን ተጫንን። የማስታወቂያ መለያውን ሰርዝ የሚል አለ፤ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች አሁን ይህ አላቸው፣ ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ቦታ የሚያዩትን አፖች ዝርዝርም አወጣን። የፎቶ ማሳመሪያው ቦታዋን ያያል። የመዝሙሩ አፕም ያያል። ካርታውን ብቻ ትተን ሌላውን ከለከልን። ይህን ሁሉ ያደረገችው በራሷ ጣት ነው፤ እኔ የተጻፈውን ብቻ እያነበብኩላት።

ስንጨርስ መነጽሯን አወለቀችና «አሁን ማስታወቂያው ይቀራል?» አለችኝ።

«አይቀርም እማዬ። ይመጣል፤ ብቻ አንቺን እንደ በፊቱ አያውቅሽም።»

«ይምጣ ታዲያ» አለች፤ «ሬዲዮንም ላይ መች ቀረ።»